ሃያ ሰባት ቁጥር

ጨዋታ አላይም። ቅዳሜ ከሰዓት ሕዝቡ ሲሰበሰብ
እኔ ከመቀመጫው ሥር፣ ምድር ቤት፣ ሳሙና ስመዝን፣ ከረጢት ስስብ፣
ጣሪያዬ ይናጋል በኮቴ ብዛት፤
ከጩኸቱ አውቃለሁ ስንት ለስንት።
ሲያገሡ የኛ ነው፤ ዝም ሲሉ የነሱ።
ዘንድሮ ከራሴ በላይ ዝምታ ነው ንጉሡ።

ኮሌጃችን ትንሽ ነው፤ ከእህል ጎተራው ማዶ፣ ባቡር በሚያልፍበት፤
የቡድኑ ስም ሽመላ፤ በጸደይ ወንዙ ዳር የምታርፍ ወፍ ናት።
ጨዋታው በመኸር ነው፤ በመኸር ሽመላ የለችም፤
ይህን ስም ያወጣ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሲመሽ በደረጃው የሚወረወርልኝ
ሰባ አምስት ማሊያ ነው ወሬ የሚነግረኝ።

መስከረም ሣር ነበር፤
አረንጓዴ ጭረት በክርን፣ በጉልበት፤
ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል፣ ብዙም የለው ጉልበት።
ያን ሰሞን አሰልጣኙ፣ ሆልቸክ፣ እስከ ምድር ቤት ወርዶ
«ቨርና፣ ዘንድሮስ የኛ ነው» አለኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ማለት ለምዶ።
ሦስቴ ተሸነፉ።
በአራተኛው ጣሪያዬ አገሣ፤ ልስኑ ረገፈ በታጠበው ልብስ ላይ፤
ደግሜ አጠብኩት። ድል ማለት ይኸው ነው፣ ከምድር ቤት ሲታይ።

ጥቅምት ጭቃ መጣ።
በቆሎው ታጭዶ የኔብራስካ ነፋስ እንዳሻው ሲለቀቅ፣
ቁጥር ለማንበብም መጀመሪያ በጥፍር መፋቅ።
ስልሳ አራት ደም ነው፤ አፍንጫው አያርፍም፤
ደም ቀዝቃዛ ይወዳል፤ ሙቅ ከነካው ወዲያ ንቅንቅም አይልም።
አርባ አራት የእናቱን ስም እጅጌው ውስጥ በእስክሪብቶ ይጽፋል፤
በየቅዳሜው አጠፋዋለሁ፤ በየዓርቡ ይመለሳል።
ዘጠኝ፣ ኳስ ወርዋሪው፣ ጀርባው ብቻ ጭቃ፣
ደረቱ ንጹሕ ነው፤ ክንዱን ሳያነሣ ወድቋል ማለት በቃ።
ከዳኮታ ሲመለሱ፣ በአርባ ሁለት ለዜሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ከረጢቱን አልወረወሩትም።
አስቀመጡት ቀስ ብለው፣ ሰው እንደተኛበት ቤት።

አንድ ማሊያ ግን አለ፤
ሃያ ሰባት ቁጥር፤
እንዳጠፍኩት ሄዶ እንዳጠፍኩት የሚመለስ፣ ላብ የማያውቀው ክር።
ባለቤቱ ክሩፒካ ነው፤ ኤመት፤ የአሳማ አርቢ ልጅ፤
አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ለሌሎች ውሃ ከማቀበል በቀር ምንም ያልነካ እጅ።
ረዳቴ ይስቃል፦ «ንጹሕ ልብስ ማጠብ ሳሙና ማባከን!»
ሳይታጠብ ቢቀር ግን ሁለተኛ ቅጣት መሰለኝ፤
ከተትኩት፤ ከሌሎቹ እኩል ይሽከርከር፣ ይባክን።

ኅዳር በረዶ ነው።
የመጨረሻዋ ቀን፤ አንድ ድል፣ ስምንት ሽንፈት፤
ከራሴ በላይ ያለው ኮቴ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ሰው ጠፋ ለማየት።
ሊያበቃ ሲል፣ ማንም ባላገሣበት፣
አንድ ጥንድ ቡት ጫማ ብቻ
ዘለለ፣ ረገጠ፣ ጣሪያዬን ቀጠቀጠ፤
አንድ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ፤ ተሰበረና ተቋረጠ።

ድል አልነበረም። ሠላሳ አንድ ለስድስት ነው ያለቀው።
ምን እንደነበረ ማታ፣ ከከረጢቱ ሥር፣ ሃያ ሰባት ነው ያሳወቀው፤
ከክርኑ እስከ ብብቱ ጭቃ፤ ደረቱ ላይ፣ ከቁጥሩ በስተግራ፣
የባላጋራ የራስ ቁር ሐምራዊ ቀለሙን ትቶበት፣ እንደ ጣት አሻራ።

ልጁም መጣ በደረጃው፤ ፀጉሩ ላይ በረዶ፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት፦
«እባክሽ፣ እሱን አትጠቢው።»
«የኮሌጁ ነው፤ ለከርሞ ሌላ ይለብሰዋል» አልኩት።
«እሺ» አለ። ወጣ።
በሩን በዝግታ ዘጋው።

ጭቃውን አስለቀቅሁ፤ ሕግ ነው።
ሐምራዊው ቀረ።
የጥርስ ብሩሽና አልኮል፣ አምስት ደቂቃ፤ ሃያ ዓመት ያጠበ ሰው ይህን አያጣውም፤
አምፖሉ ሥር ቆሜ አየሁት፤ ብሩሹን ግን አላነሣሁም።
መዝገቡን ከፍቼ፣ በዓመቱ ማብቂያ ገጽ፣ ጻፍኩ፦
«ሃያ ሰባት ቁጥር። ደረቱ ላይ እድፍ። ተሞክሯል። አይለቅም።»